ዓለም ሲጠራችሁ፦ በተጨናነቀ ሞገድ ላይ ሥርዓት ስለ መያዝ
በኢንጅባራ ለአማተር ራዲዮ ወዳጆች የተሰናዳ ዲስኩር



የጥሪው ደብዳቤ ስለ አማተር ራዲዮ በጠቅላላው እንድናገር ይጠይቃል። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ አዘጋጆቹን አስፈቅጄ አጥብቤዋለሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሩቅ አገር ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠራችሁ እንዴት ሥርዓት ባለው መንገድ ታስተናግዱታላችሁ? ይህን የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። ከኢትዮጵያ ሞገድ ላይ የሚወጣ ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን የሚገጥመው ይኸው ነውና።

ለአዲስ ሰሚዎች ሁለት ቃል ልበል። አማተር ራዲዮ ፈቃድ ያለው ሰው ለገንዘብ ሳይሆን ለመማር፣ ለመሞከርና ለመወዳጀት የሚሠራበት የራዲዮ አገልግሎት ነው። በመካከል ኢንተርኔት የለም፤ የስልክ ማማም የለም። ከአንቴናችሁ የወጣው አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ፀሐይ በኤሌክትሪክ የሞላችው የአየር ንብርብር ያጎብጠውና ወደ ምድር ይመልሰዋል። ምድርና ሰማይን እየነካ ሲሄድ 100 ዋት ኃይል ያለው መሣሪያ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከምትገኘው ቶኪዮ ጋር ያነጋግራል።

ይህ ለአዊ ምድር ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ነሐሴ 1932 ዓ.ም. በኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራው ሚሽን 101 የተባለው የእንግሊዝ ጦር ቡድን ጎጃም ገብቶ ከአርበኞች ጋር ሲሠራ፣ ከዳንግላ ብዙም ሳይርቅ ፋጉታ ላይ ሰፍሮ ነበር፤ ከካርቱም ጋር የሚገናኘውም በራዲዮ ነበር። ከእናንተ መካከል በዕድሜ የገፉት ደግሞ ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአጭር ሞገድ ይተላለፍ የነበረውን የብሥራተ ወንጌል ራዲዮን ያስታውሳሉ። የጣቢያው የጥሪ ምልክት ኢ ቲ ኤል ኤፍ ነበር። «ኢ ቲ» የሚሉት ሁለቱ ፊደላት በዓለም አቀፍ ስምምነት ለኢትዮጵያ የተሰጡ ናቸው። ዛሬም አዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ ባለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ የሚሠራው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ይባላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በጀርመን፣ በጃፓን ወይም በአሜሪካ ያለ ጀማሪ ብዙ ሺህ ባልንጀሮች አሉት። ሞገድ ላይ ቢወጣ የሚቸኩልለት የለም፤ ሩቅ ጣቢያ ሲሰማ ተሰልፎ ተራ የሚጠብቀው እሱ ነው። ስለ መልካም አሠራር የተጻፉት መመሪያዎች አብዛኞቹ የሚመክሩት ይህን ጠሪ ነው። የእኛ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። አማተሮች ለሽልማት የሚቆጥሩት የአገሮችና የግዛቶች ዝርዝር 340 ስፍራዎችን ይዟል። ኢትዮጵያ አንዷ ስትሆን ከእርሷ የሚሰሙት ጣቢያዎች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ አንድ የኢትዮጵያ ጣቢያ «ኤኮ ታንጎ»፣ ማለትም «ኢ ቲ»፣ ብሎ ድምፁን ባሰማ በደቂቃዎች ውስጥ ወሬው በዓለም ይሠራጫል፤ መቶዎች ባንድ ጊዜ ይጮኹበታል። በራዲዮኛው ቋንቋ ይህ ክምር ጥሪ ፓይል አፕ ይባላል።

እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ጭብጥ ይህ ነው፤ ደጋግሜ ስለምለው አትሰልቹብኝ፦ የሞገዱ ሥርዓት ያለው በተጠሪው እጅ ነው። ጠሪዎቹ ሲተራመሱ ብናይ መጀመሪያ መመርመር ያለብን የራሳችንን አሠራር ነው። ይህንኑ በአራት ነጥብ አስረዳለሁ፦ ማዳመጥ፣ ቦታ መለየት፣ ፍትሕ፣ መዝገብ።

የመጀመሪያው ነጥብ ማዳመጥ ነው።

ፈቃድ ሳይኖራችሁ፣ ማስተላለፊያም ሳትገዙ፣ ዛሬ ማታ ልትጀምሩት የምትችሉት ይህን ነው። አጭር ሞገድ የሚይዝ፣ የአማተር ድምፅንም የሚፈታ ተቀባይ ራዲዮ ይኑራችሁ እንጂ ለ14 ሜጋኸርዝ የሚሆነው አንቴና ጠቅላላ ርዝመቱ 10 ሜትር ገደማ የሆነ፣ መሐሉ ላይ ለሁለት የተከፈለ የመዳብ ሽቦ ነው። መስቀያው ባሕር ዛፍ ደግሞ በአዊ አይጠፋም። በክረምት ግን አደራችሁን! ደመና ሲጠቁር ገመዱን ከመሣሪያው ንቀሉ፤ መብረቅ ልምምድ አያውቅም።

ምን ታዳምጣላችሁ? ከ14.100 ሜጋኸርዝ ጀምሩ። በዚያ ላይ በዓለም ዙሪያ የተተከሉ 18 ጠቋሚ ጣቢያዎች እየተፈራረቁ በሞርስ ኮድ ይጠራሉ። እያንዳንዱ 10 ሰከንድ ስላለው በ3 ደቂቃ ዙሩ ያልቃል። ከእነርሱ አንዱ ኬንያ ነው። የትኛውን እንደ ሰማችሁ፣ የትኛው እንደ ጠፋባችሁ በየሰዓቱ ብትመዘግቡ፣ ከኢንጅባራ ወደ የትኛው የዓለም ክፍል መንገድ እንደ ተከፈተ ማንም ሳያስተምራችሁ ታውቃላችሁ።

ቀጥላችሁ ሩቅ ጣቢያ ብዙ ሰው ሲያስተናግድ ፈልጋችሁ አዳምጡ። የሚችለው ኦፕሬተር ድምፁ አይለዋወጥም፤ አይቆጣም፤ ለሁሉም የሚናገረው ቃል ቁጥሩ እኩል ነው። ጠሪዎቹም ዜማውን ስለሚያውቁት መቼ ዝም ማለት እንዳለባቸው ይገባቸዋል። የማይችለውንም አዳምጡ። አንዱን «ስምህ ማን ነው? አየሩ እንዴት ነው?» እያለ ያቆየዋል፤ የቀሩት መቶዎች ትዕግሥታቸው ያልቅና በላዩ ላይ መጥራት ይጀምራሉ። ጩኸቱ ሲበረታ እሱም ይጮኻል። በዚህ ጊዜ ሥርዓቱ ጠፋ። ማን አጠፋው? የሞገዱ ሥርዓት በተጠሪው እጅ ነው ብያችኋለሁ።

ከማሰራጨታችሁ በፊትም ማዳመጥ ግዴታ ነው። ስፍራው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፤ ማንም ካልተሰማችሁ «እዚህ የሚሠራ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቆይታችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። የማትሰሙት ሰው እናንተን ሊሰማ የሚችል ሌላ ሰው እያነጋገረ ሊሆን ይችላል። 14.300 ሜጋኸርዝንም ተዉት፤ ለአስቸኳይ አደጋ ጊዜ መገናኛ እንዲሆን በዓለም አማተሮች ዘንድ የተመረጠ ስፍራ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ቦታ መለየት ነው።

መቶ ሰው እናንተ በምትናገሩበት ሞገድ ላይ ከጠራችሁ ማንም አይሰማችሁም፤ ጠሪዎቹ የሚሰሙት እርስ በርሳቸውን ነው። መፍትሔው ስፕሊት የሚባለው አሠራር ነው፤ በአንድ ስፍራ ትናገራላችሁ፣ በሌላ ስፍራ ታዳምጣላችሁ። ለምሳሌ በ14.195 ሜጋኸርዝ እየተናገራችሁ ከ14.200 እስከ 14.210 ያለውን ታዳምጣላችሁ። ለጠሪዎቹም «ከ5 እስከ 15 ወደ ላይ» ብላችሁ ታስታውቃላችሁ። አንድ ሰው በድምፅ ሲናገር 3 ኪሎኸርዝ ገደማ ስለሚይዝ በዚያ 10 ኪሎኸርዝ ውስጥ ጠሪዎቹ ይበተናሉ፤ የእናንተ ስፍራ ደግሞ ንጹሕ ይሆናል። ሁሉም ይሰማችኋል፤ ማን እንደ ተመለሰለትም ያውቃል።

እዚህ ላይ ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። አንደኛ፣ «ወደ ላይ» የሚለውን ቃል ሳትሰለቹ በየጥሪያችሁ መጨረሻ ተናገሩ፤ አሁን የደረሰ ሰው ሁልጊዜ አለ። ሁለተኛ፣ ተፈላጊ ነኝ ብላችሁ ሞገዱን ሁሉ አትያዙ። 30 ኪሎኸርዝ ዘርግታችሁ ብታዳምጡ በዚያ ላይ በሰላም የሚጫወቱትን ሰዎች ታፈናቅላላችሁ። ሞገዱ የጋራ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ፍትሕ ነው፤ ረዘም አድርጌ የምቆየውም እዚህ ላይ ነው።

የሠርግ አሳላፊን አስቡ። እንጀራና ወጥ ይዞ ዳሱ ውስጥ ሲገባ ሁሉም እጁን ይዘረጋል። አዋቂው አሳላፊ ከአንድ ወገን ይጀምራል፤ የደረሰውንና ያልደረሰውን ያውቃል፤ በኃይል ለሚጠራው አይደነግጥም። ሰው ተራው እንደሚደርስ ካመነ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ካላመነ ይነሣል። ፓይል አፕም ላይ ሰዎችን የሚያስቀምጣቸው ይህ እምነት ነው።

እምነቱ በምን ይገነባል? በመጀመሪያ በፍጥነት። አንድ ግንኙነት በ20 ሰከንድ ካለቀ በሰዓት 180 ሰው ይስተናገዳል፤ አንድ ደቂቃ ከፈጀ 60 ብቻ። ሞገዱ የሚከፈተው ለአንድ ሰዓት ብቻ ቢሆን 120 ሰው ባዶውን ይመለሳል ማለት ነው። ስለዚህ የጠሪውን ምልክትና የድምፁን መጠን፣ ብዙ ጊዜ «59»፣ ብቻ ተናገሩ። አምስቱ ንግግሩ በደንብ መሰማቱን፣ ዘጠኙ የሞገዱን ብርታት ያመለክታል። ለጨዋታ የሚሆን ጸጥ ያለ ቀን ይመጣል፤ ያን ጊዜ ስለ ዘንገና ሐይቅ እንደ ልባችሁ አውሩ።

ቀጥሎ በቃል መጽናት። በጩኸቱ መካከል የሰማችሁት «ዙሉ ታንጎ» የሚለውን ጭራ ብቻ ነው እንበል። «ዙሉ ታንጎ፣ 59» ብላችሁ መለሳችሁ። ወዲያው አንድ ብርቱ ድምፅ ያለው፣ ዙሉም ታንጎም የሌለው ሰው ገብቶ ሙሉ ምልክቱን ቢነግራችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ለመገላገል ብላችሁ እሱን ከመዘገባችሁ ለመቶዎቹ ያስተማራችሁት ትምህርት «የጮኸ ይበላል» የሚል ነው። በሚቀጥለው ጥሪ ሁሉም ይጮኻል። ይልቅ «ዙሉ ታንጎ ብቻ» በሉ። ደግማችሁ በሉ። የጀመራችሁትን ሰው ሙሉ ምልክት ሳትይዙ ወደ ሌላ አትሂዱ። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ካደረጋችሁ ሰርጎ ገቡ ጥቅም እንደሌለው ያውቀውና ይተዋል።

የጥሪ ምልክቱንም ሙሉውን መልሳችሁ ተናገሩለት። የራዲዮ ፊደላት፣ አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ የሚባሉት፣ የተፈጠሩት «ቢ»፣ «ዲ» እና «ኢ» በጩኸት ውስጥ ስለሚመሳሰሉ ነው። ስሕተት ካለ ያርመዋል፤ ከሌለ በልቡ «መዝገብ ውስጥ ገባሁ» ብሎ ይሄዳል። ያልተረጋገጠለት ሰው ግን ሌላ ጊዜ ተመልሶ ይጠራል፤ የሌላ ሰው ተራም ይበላል።

ሦስተኛው የሩቁን ማስታወስ ነው። ከኢትዮጵያ ሲታይ አውሮፓ ቅርብ ነው፤ አማተሩም ብዙ ነው። ድምፁ ሞልቶ ሲገባ ከኋላ ያለውን የጃፓን ወይም የአሜሪካ ደካማ ድምፅ ይሸፍነዋል። ወደ ሩቁ አገር ያለው መንገድ አጭር ጊዜ ብቻ ሲከፈት «አሁን ጃፓን ብቻ» ብላችሁ አውሮፓን ጥቂት አቁሙት። ግን እስከ መቼ እንደሆነ ንገሩት፤ ያላችሁትንም ጠብቁ። ጨርሶ ሲብስ በቁጥር መጥራትም ይቻላል፦ በምልክቱ ውስጥ 1 ያለው፣ ቀጥሎ 2 ያለው፣ እያላችሁ እስከ 9ና 0 ትደርሳላችሁ። ለእያንዳንዱ ቁጥር እኩል ሰው አስተናግዱ። 4 ላይ ደርሳችሁ ከሰለቻችሁ ከ5 ጀምሮ ተራውን የጠበቀው ሰው መበደሉን አስቡ። ዙሩን መጨረስ የማትችሉ ከሆነ አትጀምሩት።

አራተኛው፣ የራሳችሁን ምልክት አትደብቁ። አንዳንዱ 10 ደቂቃ ሙሉ ሳይናገረው ይሠራል። አዲስ የደረሰው «ማን ነው? ማን ነው?» እያለ በመናገሪያ ስፍራችሁ ላይ ይጮኻል። ከዚያ ሥርዓት አስከባሪ ነኝ ባይ «ዝም በል! ወደ ላይ!» ይለዋል፤ ለእሱም ሌላው ይመልስለታል። ጠቡ እንዲህ ነው የሚጀምረው። በየሁለት ሦስት ግንኙነቱ ምልክታችሁን ብትናገሩ ግማሹ ጠብ አይነሣም ነበር። ሆን ብሎ የሚረብሽ ሲገጥማችሁ ደግሞ አትመልሱለት፤ ስሙንም አታንሡ። የሚፈልገው መልስ ነው። ደከማችሁ? «10 ደቂቃ አርፋለሁ» ብላችሁ ተናግራችሁ ዕረፉ። ልትዘጉ ነው? መዝጋታችሁን አስታውቁ። ሳይሰናበቱ መሰወር መቶዎችን በከንቱ ማስጮኽ ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው ነጥብ መዝገብ ነው።

ያለ መዝገብ ግንኙነት የለም። ጠሪው በኋላ ኪው ኤስ ኤል የተባለውን የማረጋገጫ ካርድ ይጠይቃል፤ የእናንተና የእሱ መዝገብ በሰዓት፣ በቀንና በሞገድ ካልተስማሙ ልፋቱ ገደል ገባ። ለእኛ ደግሞ የሰዓቱ ነገር የራሱ ጣጣ አለው። የአማተር መዝገብ የሚያዘው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። በቀላሉ ለማስላት በእኛ የቀን ሰዓት ላይ 3 ጨምሩ፦ ከጧቱ 3 ሰዓት በዓለም ሰዓት 6፡00 ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት 11፡00 ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ደግሞ 15 ጨምሩ፦ ከምሽቱ 1 ሰዓት 16፡00 ይሆናል። የዓለም አቀፉ ቀን የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ያነጋገራችሁት ሰው በዓለም አቀፉ ሰዓት 23፡00 ላይ፣ በዋዜማው ቀን ይመዘገባል። በየግንኙነቱ ማስላት ስሕተት ያመጣልና ከመሣሪያው አጠገብ በዓለም አቀፉ ሰዓት የተሞላ አንድ ሰዓት ስቀሉ። የዘመን አቆጣጠሩንም በፈረንጆቹ ያዙ።

መብራት መጥፋቱን አትርሱ። ኮምፒዩተር ላይ ብቻ የምትመዘግቡ ከሆነ መብራቱ ሲሄድ የመጨረሻዎቹ ሰዎች አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ደብተርና እስክሪብቶ ከጎን ይኑር። ብዙዎቹ የአማተር መሣሪያዎች የሚሠሩት በ13.8 ቮልት ስለሆነ ከመኪና ባትሪና ከፀሐይ ኃይል ጋር ይስማማሉ።

«አሁን እኮ ይህን ሁሉ ኮምፒዩተር ይሠራዋል» የምትሉ ወጣቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውነት ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ጆ ቴይለር ከባልደረባቸው ጋር ሆነው በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጡት ኤፍ ቲ 8 የተባለ ዘዴ በየ15 ሰከንዱ አጭር መልእክት እየላከ ጆሮ የማይለየውን ደካማ ሞገድ ያነባል። ለተፈላጊ ጣቢያም እስከ 5 ሰው በአንድ ጊዜ የሚመልስበት ስልት አለው። ተጠቀሙበት። ነገር ግን ማንን ማስቀደም፣ መቼ ማቆም፣ የትኛውን ስፍራ ለሌላው መተው የሚገባው አሁንም ሰው ይወስናል።

አራቱን ነጥቦች ጨረስሁ። አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል። አባቶች በልባችሁ «ይህ ሁሉ ለጨዋታ ነው?» ሳትሉ አትቀሩም።

በታኅሣሥ 2004 እ.ኤ.አ. በባራቲ ፕራሳድ የሚመራ የሕንድ አማተሮች ቡድን አንዳማን ደሴቶች ላይ ነበር። የሄዱት እዚህ ለምንነጋገርበት ሥራ ነው፤ ከዚያ ደሴት ለዓመታት አማተር ስላልተሰማ የዓለም ጠሪ ይጎርፍባቸው ነበር። ዲሴምበር 26 የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ መጣ፤ ስልኩ ተቋረጠ። ቡድኑ ጥሪ ማስተናገዱን ትቶ የአደጋውን መልእክት ማስተላለፍ ያዘ። በጩኸት መካከል ስም ለይቶ መያዝ፣ መልሶ ማረጋገጥ፣ ተራ ማስከበር፣ ሰዓት መመዝገብ፤ ለአደጋው ጊዜ የተጠቀሙበት ሙያ ይኸው ነው። በሰላም ጊዜ ያልተለማመደው በጭንቅ ጊዜ አይገኝም።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ሐሳቤን በግልጽ ላቅርብ። መጀመሪያ ትምህርት ቤቶቻችን የማዳመጥ ክበብ ያቋቁሙ፤ ተማሪዎች የ18ቱን ጠቋሚ ጣቢያዎች መዝገብ ይያዙ። ቀጥሎ ከአምስት ኪሎው ማኅበር ጋር ተነጋግረን ሥልጠና እናግኝ፤ በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በኩልም ስለ ፈቃዱ እንጠይቅ። ያለ ፈቃድ ማንም ማስተላለፊያ እንዳይነካ፤ መልካም አሠራር ከሕግ ይጀምራል።

ከዚያ ዒላማ እናብጅ። የሰባት ቤት አገው የፈረስ ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ጥር 23 ቀን ኢንጅባራ በፈረሰኞች ስትሞላ እንግዳው ከየአገሩ ይመጣል። ሊመጣ የማይችለውንስ ለምን በሞገድ አንጋብዘውም? በአንድ ጥር 23፣ በፈቃድ፣ በሠለጠኑ ልጆቻችን እጅ፣ ከዚሁ ከተማ አንድ ጣቢያ ይቁም። የማረጋገጫ ካርዱ ላይ የአገው ፈረሰኛ ይታተምበት። በዓሉ በፈረንጆቹ ጥር መጨረሻ ስለሚውል ከመብረቁም ከዝናቡም የራቀ ነው።

ያን ቀን ብዙ መቶ ሰው ከኢንጅባራ ጋር ይነጋገራል። አብዛኞቹ ስለ እኛ የሚያውቁት ነገር ያ 20 ሰከንድ ብቻ ይሆናል። በዚያ 20 ሰከንድ የሰሙት ኦፕሬተር የማይቆጣ፣ የማያዳላ፣ ቃሉን የሚጠብቅ ከሆነ «አዊ የሚባል አገር አለ፤ ሰዎቹም ሥርዓት ያውቃሉ» ብለው ይመዘግቡናል። ይህን ለማድረግ ከጠሪዎቹ የምንጠብቀው ነገር የለም። የሞገዱ ሥርዓት በተጠሪው እጅ ነው፤ ተጠሪዎቹም እኛ ነን።

 አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምራለን።